ከሥር ሲያጎፍር

ነሐሴ ነበር፤ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወር። የእናቴን ሲንጀር ራሱን ብቻ ከጠረጴዛው ነቅዬ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ስላቀፍኩት ረዳቱ «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። «ከእናቴ ይበልጣል» አልኩት። አልሳቀም፤ ሂሳብ ሲሰበስብ ግን የልጁንም አስከፈለኝ። ማንኩሳ፣ ያ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ው የበዛብህ አገር፣ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ፍኖተ ሰላም እስክንገባም አላባራም።

የምፈልጋቸው ሰው አስፋልቱ ዳር አንድ በረንዳ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ የተቀመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠይቅም። አጠገባቸው አንድ ልጅ በኤሌክትሪክ ጁኪ ይሰፋል። መብራት ሲጠፋ ልጁ ይቆማል፣ እሳቸው አይቆሙም። በዚያ ቀን መብራት አልነበረም፤ ስለዚህ ልጁ ሥራው የእኛን ወሬ መስማት ሆነ።

ጋሼ፦ ጋቢው እኮ ርሷል። ፍቺው፣ ፍቺው! ብረት ከሰው ይብሳል፤ ዝናብ ከነካው አይምርም።

እኔ፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ። ከቡሬ ነው የመጣሁት። የእናቴ መኪና ናት፤ ከሥር ታጎፍራለች።

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። መኪናዋን እዚያ አስቀምጫትና የሰፋሽበትን ጨርቅ አሳይኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ቁራጭ ካኪ ሰጠኋቸው። ከላይ ሲያዩት ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ እንዲያውም ያምራል። ገልብጠው ሲያዩት ግን ክሩ ተጎልጉሎ የበግ ቆዳ መስሏል። ጫፉን በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ቢያደርጉት ክሩ ያለ ምንም ድካም ተመዞ ወጣ።

ልጁ፦ ኧረ ይሄ ስፌት ሳይሆን ፀጉር ነው! ጋሼ፣ የታችኛው ክር ላልቶ ነው። የቦቢን ቤቷን ብሎን ጠበቅ ማድረግ ነው።

እኔ፦ እሱንማ ስንቴ አጠበቅኩት።

ጋሼ፦ ማን ማን ነክቷታል?

እኔ፦ መጀመሪያ እኔ። ቀጥሎ አንድ ጠጋኝ ነካት፤ እሱም ያንኑ ብሎን እስኪያቅተው አጠበቀና «አርጅታለች፣ ለብረት ሽጫት» ብሎ መለሰልኝ።

ጋሼ፦ ጥርስሽን ሲያምሽ ጉንጭሽ ያብጣል። ጉንጭ የሚነቅል ሐኪም ግን አይቼ አላውቅም። አንቺ አሁን ምን ዓይነት ክር ነው ያደረግሽባት?

እኔ፦ ከላይም ከሥርም ነጭ።

ጋሼ፦ እንግዲያው እንዴት አየሽው? ሁለቱም ነጭ ከሆነ የቱ እንዳጎፈረ በምን ይለያል? አንተ፣ ያን ቀይ ክር አቀብለኝ። ላይኛውን ቀይ እናደርጋለን፣ ቦቢኑ ነጭ ይሁን። ጨርቁም ካኪ አይሁን፤ አቡጀዲ ሁለት እጥፍ አድርጌ ነው የምሞክረው፤ ያ ጨርቅ ምንም አይደብቅም።

 ከጠረጴዛቸው ላይ የራሳቸውን መኪና አውርደው የእናቴን ተከሉበት፣ ቺንጋውን አጠለቁ፣ አንድ ስንዝር የሚያህል ሰፉ። ገለበጡት። ከሥር ያጎፈረው ቀዩ ነው። ነጩ ክር በመሃሉ እንደ ተዘረጋ ሽቦ ቀጥ ብሎ ተኝቷል።

ጋሼ፦ ይኸው። ታች የምታይው ሁሉ የላይኛው ክር ነው። የታችኛው ምስኪን ከቦታው አልተነቃነቀም።

እኔ፦ እና እኔ ያጠበቅኩት...

ጋሼ፦ ንጹሑን አሰርሽው።

ልጁ፦ ስለዚህ የላይኛውን ማጥበቂያ ማዞር ነዋ!

ጋሼ፦ አንተ ደግሞ ብሎን ሳታይ ማደር አትችልም። ቆይ። ልጄ፣ የእጅ መርፌ ቀዳዳዋ የት ነው?

እኔ፦ በጀርባዋ።

ጋሼ፦ የመኪናስ?

እኔ፦ በጫፏ፤ በሚወጋው በኩል።

ጋሼ፦ መኪናን መኪና ያደረጋት እሱ ነው። የእጅ መርፌ ጨርቁን አልፋ ትሄዳለች፣ ክሩም ይከተላታል። የመኪና መርፌ ግን አታልፍም፤ ወርዳ በመጣችበት ትመለሳለች። ታዲያ እንዴት ትሰፋለች? ታች ደርሳ ትንሽ ከፍ ስትል ክሩ በጎኗ ላላ ብሎ ቀለበት ይሠራል። ያኔ መንጠቆው መጥቶ ቀለበቱን ይይዝና ቦቢኑን ከነቤቱ በውስጡ ያሳልፈዋል። ሁለቱ ክሮች እዚያ ላይ ተቆላለፉ ማለት ነው። ግን ቁልፉ የት ነው ያለው? ከጨርቁ ሥር፣ ላልቶ። እሱን ወደ ላይ ስባ ጨርቁ መሃል የምትቀብረው ይቺ የምትወጣ የምትወርደው ክንድ ናት።

እኔ፦ ይህን አሠራር ይዞ አሜሪካ ውስጥ በ1846 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣው ኤልያስ ሃው የሚባል ሰው ነው። ሲንገር፣ የእኛው ሲንጀር፣ የመጣው ከእሱ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ተካሰው ሃው ረታው።

ጋሼ፦ ይርታው። ስሙ ግን የቀረው የማን ነው? ቻይና የሠራችውን ቢራቢሮ እንኳ ሲንጀር ነው የምንላት። ወደ ነገሬ ልመለስ፦ ክንዷ ወደ ላይ ስትስብ ክር የምታገኝበት ሁለት ቦታ አላት። አንዱ ከሥር የላላው ቀለበት ነው፤ ሁለተኛው ከላይ ያለው ጥቅልል። የትኛውን ትስባለች?

እኔ፦ የቀለላትን።

ጋሼ፦ እህ! ማጥበቂያው ሥራው ይኸው ነው። ከጥቅልሉ የሚመጣውን ያዝ አድርጎ «ከዚህ አይደለም፣ ከታች ሳቢ» ይላታል። ማጥበቂያው ካልያዘ ከጥቅልሉ እየሳበች ትኖራለች፤ ቀለበቱ ከሥር እንደ ላላ ይቀራል። ላይ የታመመው ታች የሚታየው ለዚህ ነው።

እኔ፦ የላይኛው ጥፋት ከታች፣ የታችኛው ከላይ የሚገለጥ ከሆነ ነገሩ ሰምና ወርቅ ነው በሉኛ።

ጋሼ፦ ቅኔውን ዋሸራ ሂጂና ንገሪያቸው። እዚህ ክር ነው።

ልጁ ሳቀ። እኔም አፈርኩ፤ መምህር ስለሆንኩ የሚጠናወተኝ ነገር ነው። ጋሼ ግን ቀዩን ክር ከላይ እስከ መርፌ መዝዘው ጨርሰው አወጡት።

ጋሼ፦ አሁን አንቺ አስገቢው። እንደ ሁልጊዜሽ።

ክሩን በየመንገዱ አሳለፍኩት። ማጥበቂያዋ ከግራ ጫፏ ፊት ላይ ናት፦ ፊትና ፊት የተጋጠሙ ሁለት ትንንሽ ሳህኖች፣ ከፊታቸው ሞላ፣ ከሞላው ፊት በጣት የሚዞር ዳዶ። ክሩን በሳህኖቹ መሃል አዙሬ፣ በትንሿ ሽቦ አንጠልጥዬ፣ በክንዷ ቀዳዳ አሾልኬ ወደ መርፌ አወረድኩት።

ጋሼ፦ እግሯ የት ነው ያለው? ጨርቅ የምትረግጥበት።

እኔ፦ ወርዷል። ምን ችግር አለው?

ጋሼ፦ እግሯ ሲወርድ ሳህኖቹ ይጋጠማሉ፤ ሲነሳ ይለያያሉ። ተጋጥመው ሳለ ክር ብታዞሪባቸው ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳል እንጂ መሃላቸው አይገባም። ስታዪው የገባ ይመስልሻል። ወደዚህ በረንዳ «ክሩ አበደብኝ» ብሎ ከሚመጣው ብዙው በሽታው ይኸው ነው፤ እግሯን አንስቼ ክር አስገብቼ እሸኘዋለሁ፣ ገንዘብ አልቀበልም። አንሺና ድገሚው።

ደገምኩት። ሰፉ። ያው ነው።

እኔ፦ የእኔስ በሽታ ሌላ ነው።

ጋሼ፦ አንዱን ግን አወጣነው። አሁን መርፌዋን አውጫትና ጥፍርሽን በጎኗ ላይ አሂጂው።

እኔ፦ በአንዱ በኩል ቦይ አላት፣ ከላይ እስከ ቀዳዳዋ።

ጋሼ፦ ጨርቅ ስትበሳ ክሩ እዚያ ቦይ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚወርደው። ክር ወደ ቀዳዳው የሚገባውም ምንጊዜ በቦዩ በኩል ነው። ተገልብጣ ከገባች ክር ትበጥሳለች ወይም ትዘላለች። የአንቺ በትክክል ነው የገባችው። ግን ጫፏን አየሽው? በጥፍርሽ ስትነኪው ይዝሻል፤ ደንዝዛለች። ቁጥሯም 90 ነው፤ በዚህች ካኪ ትሰፊያለሽ?

እኔ፦ ዩኒፎርሙ ካኪ ነው።

ጋሼ፦ ለካኪ 100 አድርጊ፣ ፓኮው ላይ 16 ተብሎም ይጻፋል። 90ኙ ለአቡጀዲና ለቴትሮን ይሁን። ሰው ለጨርቁ ብር አውጥቶ መርፌ ላይ ይሰስታል።

አዲስ መርፌ አስገቡ። የሚገርመኝ ነገር፣ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ማጥበቂያዋን በጣታቸው ጫፍ እንኳ አልነኩም። የቦቢኑን ቤት ግን አውጥተው ክሩን ይዘው አየር ላይ አንጠለጠሉት። በገመድ የታሰረ ነገር ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ። እጃቸውን ነቅነቅ አደረጉት። ንቅንቅ አላለም።

ጋሼ፦ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ፣ እጄን ነቅነቅ ሳደርግ እንደ ሸረሪት ትንሽ ወረድ ብሎ ይቆም ነበር። ሳልነካው ከወረደ ላልቷል። ነቅንቄው ካልወረደ አንቺና ያ ጠጋኝ ገድላችሁታል።

እኔ፦ አሁን ላላ ሊያደርጉት ነው?

ጋሼ፦ ሳላጸዳ አላላላም። አንተ፣ ትንሿን ካቻቪቴ።

የቦቢን ቤቱን ጎን የያዘችው ስስ ቅጠል ብረት በሁለት ብሎን ታስራለች። ታች ነጭ ወረቀት አንጥፈው ብሎኖቹን ፈቱ። ከስንዴ ቅንጣት ያነሱ ናቸው፤ ልጁ እንዳይተነፍስባቸው ፊቱን አዞረ። ቅጠሏ ስትነሳ ከሥሯ የተጠቀጠቀ ክር፣ ጥቁር ሆኖ፣ እንደ ጠፍጣፋ ትኋን ወጣ።

ጋሼ፦ ይሄ ቅጠሏን ከፍ አድርጎ ይዟት ነበር። አንድ ቀን ያላላታል፣ አንድ ቀን ያጠብቃታል። አሁን መልሼ አስራታለሁ። ትልቁን ብሎን ሩብ ዙር፣ ከዚያ አንጠልጥዬ አያለሁ። ሌላ ሩብ ሲያስፈልገው ሌላ ሩብ። አንድ ሙሉ ዙር አዙሮ የሚስቅ ሰው መኪና አይንካ።

ሦስት ጊዜ አንጠልጥለው፣ በአራተኛው ወረድ ብሎ ቆመ። አስገብተው ሰፉ። ከሥር አሁንም ቀዩ ያጎፍራል።

እኔ፦ አሁንም ያጎፍራል እኮ!

ጋሼ፦ ማጎፈር አለበት። ታችኛው ተስተካክሎም ካጎፈረ በሽታው የላይኛው ነው። አሁን ታችኛውን ክር አምነዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ አልነካውም። ሁለቱን ባንድ ላይ የሚነካ ሰው የቱ እንዳዳነው አያውቅም፣ የቱ እንደገደለውም አያውቅም።

ልጁ፦ እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ጋሼ ገና መጀመሪያ ክሩን ሲስቡት ነው ያወቁት።

እኔ፦ እውነት ነው ጋሼ? ታዲያ ምነው ይህን ያህል አንከራተቱኝ?

ጋሼ፦ የታችኛውን ባታበላሽው ኖሮ አላንከራትትሽም ነበር። በተበላሸ ሚዛን ማን ይመዝናል? ነይ፣ እኔ ያወቅኩትን አንቺም እወቂው። እግሯን አንሺና ክሩን ከመርፌዋ በላይ ይዘሽ ሳቢ።

እኔ፦ ይመጣል፤ ቀላል ነው።

ጋሼ፦ አሁን እግሯን አውርጂና ሳቢ።

እኔ፦ ... ይመጣል። ያው ነው።

ጋሼ፦ እሱ ነው። እግሯ ሲወርድ ሳህኖቹ ነክሰው ሊይዙት ይገባ ነበር፤ ከመርፌዋ ሥር ብትስቢው መርፌዋ ጎንበስ እስክትል ድረስ። ዳዶውን ደግሞ አጥብቂው እስኪ። ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ሳቢ።

እኔ፦ ለውጥ የለም!

ጋሼ፦ አሁን ልፍታት።

ነጠላቸውን ጠረጴዛው ላይ አነጠፉ። ዳዶው ወጣ፤ ቀጥሎ ሞላው፤ ቀጥሎ መሃሏ ላይ ድልድይ ያላት ሮንዴላ፤ ቀጥሎ ሁለቱ ሳህኖች። እያንዳንዱን እንደ አወጣጡ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደሩት። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ። ጋሼ በዓይናቸው ጠርዝ አዩኝና ምንም አላሉም። ሳህኖቹ ፊትና ፊታቸው ላይ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ፤ ዝገት መስሎኝ ነበር። በጥፍራቸው ጫሩት፣ አሸተቱት፣ ሳቁ። ለእኔም አሸተቱኝ።

እኔ፦ ኑግ!

ጋሼ፦ ኑግ ነው። እናትሽ መኪናዋን ኑግ ቀብተዋታል። እዪ፣ ከዚህ ዘንግ መሃል ይቺ ቀጭን ፔርኖ ትታያለች? እግሯ ሲነሳ ከኋላ ይገፋታል፣ እሷ ደግሞ ድልድዩን ገፍታ ሳህኖቹን ታለያያለች። እግሯ ሲወርድ ወደ ውስጥ መመለስ አለባት። ይቺ ግን ወጥታ ቀርታለች። ኑጉ ደርቆ አጣብቋታል። ዳዶውን ብታጠብቂ የምታጠብቂው ፔርኖዋ ላይ ነው፣ ሳህኖቹ ዘንድ አይደርስም።

እኔ፦ የምግብ ዘይት እንዲህ ይደርቃል?

ጋሼ፦ ሁሉም አይደለም። ኑግ ግን አየር ሲያገኘው ቀለም ይሆናል፤ ተልባም እንደዚያው ነው። ጣሳ ላይ የፈሰሰ ኑግ ከርሞ ስታዪው ቢላ ነው የሚያነሳው። እናትሽ በየቀኑ ሲሰፉባት ግን አልጎዳትም ይሆናል። ስንት ዓመት ቆማለች?

እኔ፦ ስድስት ዓመት። ዓይናቸው ሲደክም ተዉት። ሽንዲ ገበያ ላይ ቁምጣ ነበር የሚሰፉት፤ አረንጓዴውን።

ጋሼ፦ ሲሠራበት ፔርኖው በየደቂቃው ወጣ ገባ ይላል፣ ኑጉ ሊይዘው ጊዜ አያገኝም። የገደላት ኑጉ ብቻ አይደለም፤ ኑግ ተቀብታ መቆሟ ነው። አንተ፣ ላምባ አምጣ።

ፔርኖዋን ላምባ አጠጥተው ጨርቅ ሸፈኑባትና እስክትላቀቅ ቡና ተጠራ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ የመኪናዋን ተከታታይ ቁጥር በጨርቅ ወልውዬ አየሁት፤ በሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፣ የመጀመሪያው «ኢ» ነው።

እኔ፦ ጋሼ፣ ይቺ ስኮትላንድ ነው የተሠራችው፤ ክላይድባንክ ከሚባል ከተማ። ፋብሪካው በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። የባቡር ጣቢያው ግን እስከ ዛሬ ሲንገር ይባላል።

ጋሼ፦ ፋብሪካው ሞቶ መኪናዋ ትሰፋለች በይኛ። መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣ ግን ነግረውሻል?

እኔ፦ የዚህችን ዓይነት ጃፓኖችም ቻይናዎችም እየቀዱ ስለሠሩ የቢራቢሮ ዕቃ ይገጥማታል።

ጋሼ፦ ይገጥማታል። የመርካቶ ዕቃ መንገድ ሲከፈት ይመጣል። ሲዘጋ ደግሞ እንዲህ በላምባ እንጠብቃለን።

ልጁ፦ ጋሼ፣ ግን ቃላቱ ለምን የእኛ አይደሉም? ሞላ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ፔርኖ፣ ካቻቪቴ።

ጋሼ፦ የጣሊያን ናቸው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ አምስት ዓመት አልሞላውም፤ የካቲት 1933 ለቅቆ ሄደ። ጃንሆይም በዚሁ መንገድ ነው የገቡት፣ ወጀት ትባል የነበረችውን ይህችን ከተማ ፍኖተ ሰላም ያሏት ያኔ ነው። ጣሊያን ወጣ፣ ብሎኑ ቀረ።

እኔ፦ ቃሉ የመጣው በጦር ብቻ አይደለም እኮ፤ ከአስመራም ከአዲስ አበባ ጋራዦችም ነው። ይሄ አቡጀዲስ? ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅን ያሠራው የጣሊያን የጦር ካሳ ነው።

ጋሼ፦ ካሳውን እንኳ በጨርቅ ከፈሉና። ደህና ጨርቅ ነበር።

እኔ፦ ጋንዲ ማሽን አጥብቀው ሲነቅፉ የሲንገርን መኪና ግን ለይተው ምረዋታል።

ጋሼ፦ ፈትል የሚፈትሉት ሰውዬ አይደሉ? ያውቁታላ። እንዝርት ላይ ክር አጥብቀሽ ካጠነጠንሽ ይበጠሳል፣ ካላላሽ ይቋጠራል። የእናትሽ እጅ ይህን ያውቃል፣ ጠይቂያቸው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፔርኖዋን በፒንሳ ጫፍ ያዝ አድርገው ወደ ውስጥ ገፉ፣ ከኋላ በእግሯ ማንሻ መለሱ። ገፉ፣ መለሱ። መጀመሪያ ስትመለስ እንደ አሮጌ በር ሳንቃ ታንቋርር ነበር። በላምባ የተነከረ የጥጥ ክር በሳህኖቹ መሃል እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳቡ፤ የወጣው ቡናማ ውሃ የወጥ ቅሬታ ይመስላል። ጠራርገው ከትንሽ ጠርሙስ የመኪና ዘይት አንድ ጠብታ ፔርኖዋ ላይ ብቻ አደረጉ።

እኔ፦ ሳህኖቹንስ አይቀቡም?

ጋሼ፦ ክር በሚነካው ቦታ ዘይት አይደረግም። ክሩ ይንሸራተትና ማጥበቂያው የነበረውም ይጠፋል። ጨርቁንም ያበላሻል። አሁን መልሰሽ ግጠሚያት።

እኔ፦ እኔ?

ጋሼ፦ ፎቶ አንስተሻል አይደል?

ከቀኝ ወደ ግራ ጀመርኩ። ሳህኖቹን ሆዳቸውን አገናኘሁ፤ ድልድዩን ወደ ፔርኖዋ አደረግኩ፤ ሞላው ሁለት ጊዜ ከእጄ አመለጠና አንዴ የልጁ ጫማ ውስጥ ገባ። ዳዶውን እስኪይዝ ብቻ አዞርኩት። እግሯን አነሳሁ፣ ቀዩን ክር አስገባሁ፣ እግሯን አወረድኩ፣ ሳብኩ። መርፌዋ ጎንበስ አለችልኝ።

ጋሼ፦ አሁን ብሎን ይነካል። ስፊ።

ሰፋሁ። ገለበጥኩት። ከሥር ያለው ፀጉር ጠፍቷል፤ ግን ላይ በኩል ነጭ ነጭ ነጥብ እንደ ሰሊጥ ብቅ ብቅ ብሏል።

ልጁ፦ አሁን ከላይ ጠበቀ!

ጋሼ፦ ጎበዝ። ቁልፉ ወደ ጠበቀው ይሄዳል። ትንሽ አላዪው፤ የሰዓት ቁጥር አንዱን ያህል። እንደ አዳዲሶቹ ቁጥር የተጻፈባት አይደለችም፣ በዓይን ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ነጩ ነጥብ ጠፋ። ጋሼ ግን አላመኑም። አዲስ አቡጀዲ ወስደው በሰያፍ ቆረጡት፣ ሰፉበት፣ በስፌቱ ርዝመት ሁለቱን ጫፍ ይዘው እስኪበጠስ ጎተቱት። ቀዩ ብቻ ተበጠሰ፣ ነጩ ሳይበጠስ ቀረ።

ጋሼ፦ የተበጠሰው የጠበቀው ነው። ዓይንሽ ያላየውን እጅሽ ነገረሽ። ደግመሽ ትንሽ፣ ከቅድሙም ያነሰ።

ሦስተኛው ሲጎተት ሁለቱም ክር ባንድ ላይ ጠቅ አለ። ልጁ አጨበጨበ። እኔ ያንን ካኪ አውጥቼ ሁለት እጥፍ አድርጌ ሰፋሁበትና ከሥር ቀይ ነጥብ አሳየኝ፤ ተስፋ ልቆርጥ ስል ጋሼ ዳዶውን በሁለት ጣት ነካ አደረጉት።

ጋሼ፦ ካኪ ወፍራም ነው፣ ቁልፉ የሚቀበርበት ጥልቀት ሌላ ነው። ጨርቅ በለወጥሽ ቁጥር ቁራጭ ላይ ሞክሪ። ብሎኑን ግን አንዱን ብቻ፤ የላይኛውን። የታችኛውን በሕልምሽም እንዳታዪው።

እኔ፦ ይቺ ክሩ የሚንጠለጠልባት ሽቦ ግን ጎበጥ አላለችም?

ጋሼ፦ አይቻታለሁ። ደክማለች። ባቃናት ትሰበራለች፣ መለዋወጫው ደግሞ የለኝም። ለዚህ ነሐሴ ታደርስሻለች፤ ስስ ሽፎን ላይ ግን ታስቸግርሻለች። ሽፎን ሊያሰፋ የመጣ ካለ ወደዚህ ስደጂልኝ።

ስለ ዋጋ ብዙ አልተጨቃጨቅንም፤ መርፌውን ብቻ አስከፍለውኝ፣ ለሥራው የቡናውን ክፈይ አሉኝ። ዝናቡ ሲያባራ መኪናዋን ዳግመኛ እየጠቀለልኩ እናቴ ጋ ደወልኩ።

እኔ፦ እማ፣ ዳነች። ግን ኑግ ነው አሉ ያጣበቃት። ኑግ ትቀቢያት ነበር?

እናቴ፦ ታዲያ በዚያ ዘመን ምን ነበረኝ? በፍልሰታ ከወጡ ቀንሼ ነው የቀባኋት!

ጋሼ ስልኩን በእጃቸው ምልክት ጠየቁኝ። ተቀብለው ራቅ አሉ፣ ጀርባቸውን ሰጡን። ስለ ምን እንዳወሩ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ የሰማሁት በመጨረሻ ላይ ጮክ ብለው «ቁምጣውን ታዲያ በስንት ቁጥር መርፌ ነበር የሚሰፉት?» ሲሉ ብቻ ነው።